የትኛው ሴንሰር ነው የዋሸው?

ሰሜን ምዕራብ ለንደን ውስጥ ኪልበርን በሚባለው ሰፈር የሁለት ዘመን ባቡሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ኪልበርን ፓርክ ጣቢያ የሚቆሙት የቤከርሉ መስመር ባቡሮች የ1972 ሞዴል ናቸው፤ በብሪታኒያ በየዕለቱ መንገደኛ ከሚያመላልሱት ባቡሮች ሁሉ በዕድሜ የገፉት እነሱ ናቸው። ጣቢያው ራሱ በ1915 መጀመሪያ ሲከፈት፣ ከመሠረቱ በሊፍት ፋንታ በኤስካሌተር እንዲሠሩ ታቅደው ከተገነቡት የለንደን ቀደምት የምድር ውስጥ ጣቢያዎች አንዱ ነበር። ኪልበርን ሃይ ሮድን ይዞ ወደ ላይ ለሚሄድ፣ ከመንገዱ በላይ ከተዘረጉት የብረት ድልድዮች አጠገብ የጁቢሊ መስመር ጣቢያ ይገኛል። እዚያ የሚያልፉት ባቡሮች የ1996 ሞዴል ሲሆኑ፣ ከ2011 ጀምሮ የሚንቀሳቀሱት በአውቶማቲክ ሥርዓት ነው። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ደግሞ ከዩስተን ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ዋና የባቡር ሐዲድ ሰፈሩን ያቋርጣል። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሮጌ ባቡርን የሚጠግን ባለሙያ ብዙውን ነገር የሚያውቀው በጆሮው፣ በእጁና በዓይኑ ነው፦ ኩሽኔታው ሲጮህ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል፣ ዘይቱ ሲጠቁር። አዲስ ማሽን ግን ስለ ራሱ ያለማቋረጥ ያወራል። ሙቀቱን፣ ንዝረቱን፣ የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ የበሩን መከፈትና መዘጋት በቁጥር ይልካል። ቁጥሩ ከሰው የማንበብ አቅም ሲያልፍ፣ ብልሽቱን የሚያገኘውና ምክንያቱን የሚናገረው ማሽኑ ራሱ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚሠራባቸው ሰፊ የምሕንድስና ጥናቶች አንዱ ሆኗል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ የሆነ ጥናት አይደለም። በዘመናችን ስለ ማሽን ብልሽት ከተነሡት ከባድ ጥያቄዎች ሁለቱ የተነሡት በእኛው አየር መንገድ አውሮፕላኖች ላይ ነው፤ አንዱ ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ሌላው ከኪልበርን ብዙ በማይርቀው በሂትሮው።

የዘርፉ ሰዎች ሥራውን በጥያቄ ይከፋፍሉታል። መጀመሪያ፣ ብልሽት አለ ወይ? ቀጥሎ፣ የት ነው ያለው? ከዚያ፣ ምንድን ነው፣ ከምንስ መጣ? በመጨረሻም፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሰበር ምን ያህል ጊዜ አለን? የመጀመሪያው ከሁሉ ይቀላል፤ ገበያውም በብዛት የሚሸጠው እሱን ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው ምርመራ የሚለውን ስም የሚያሟሉት።

ለምሳሌ ከዩስተን ተነሥቶ ኪልበርንን እንደሚያቋርጠው ባለ ብዙ መስመር ሐዲድ ያለ ቦታን እንውሰድ። ባቡር ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚሻገረው የሐዲዱን ምላስ ወዲያና ወዲህ በሚገፋ ሞተር ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ግፊት የሚስበው ኤሌክትሪክ የራሱ ቅርጽ አለው፤ ሲነሣ ይዘላል፣ ሲገፋ ዝቅ ብሎ ይረጋጋል፣ ምላሱ ቦታው ሲገባ ይቆማል። ቅባቱ ሲደርቅ የመሐሉ ክፍል ከፍ ይላል። ጠጠር ከገባ ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። የብሪታኒያን ሐዲድ የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ሬይል እንዲህ ያሉ ሞተሮችን ከርቀት በሴንሰር ይከታተላል። ኩርባው ከትናንቱ መለየቱን ለማወቅ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ለምን እንደተለየ ለመናገር ግን ማሽኑ ስለ ሐዲዱ የሆነ ነገር ማወቅ አለበት፤ ያንን ዕውቀት ከየት ያገኛል የሚለው ጥያቄ ነው ተመራማሪዎችን በየሰፈሩ የከፈላቸው።

የመጀመሪያው ሰፈር መልስ፣ ከባለሙያው ጭንቅላት ነው የሚል ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ አንድ ችግር ገጠመው። ዴቪድ ስሚዝ የሚባል፣ የናፍጣ ባቡር ጎታቾችን ብልሽት በማግኘት ወደር ያልነበረው አንጋፋ መሐንዲስ ጡረታ መውጫው ደረሰ። ሌሎች ያቃታቸው ሎኮሞቲቭ ሲኖር ወይ እሱ ወዳለበት ይወሰድለታል፣ ወይ እሱ በአውሮፕላን ይሄዳል። የኩባንያው ተመራማሪዎች አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ የነዳጁ ግፊት እንዲህ ሲሆን ምን ትጠረጥራለህ፣ ቀጥሎስ ምኑን ታያለህ እያሉ ዕውቀቱን «ይህ ከሆነ፣ ያ ነው» በሚሉ ከ500 በላይ ሕጎች ጻፉት። የጥገና ሠራተኛው በኮምፒዩተሩ ጥያቄ እየተመራ ብልሽቱን እንዲያገኝ ሆነ። በቅድሚያ በሕክምናው ዘርፍ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማይሲን የተባለው ፕሮግራም ያሳየው መንገድ ነው።

ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም የአንድን ሠራተኛ ዕድሜ ሙሉ ልምድ ከቁም ነገር ቆጥሮታል። አገራችን ውስጥ ስንት ባለሙያ፣ አንድ ሞተር ከሩቅ ሲጮህ ሰምቶ የትኛው ቫልቭ እንደታመመ የሚናገር፣ ዕውቀቱን ይዞ ጡረታ ወጥቷል! ዘዴው ግን ወሰን አለው። ስሚዝ አይቶት የማያውቀውን ብልሽት ሕጎቹም አያውቁትም። አዲስ ሞዴል ሎኮሞቲቭ ሲመጣ ደግሞ ሕጎቹን ሁሉ እንደገና መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ሰፈር ሌላ መንገድ ያዘ፦ የብልሽቱን ታሪክ ተዉት፣ ማሽኑ ጤነኛ ሲሆን እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ንገሩኝ። ሬይመንድ ራይተር፣ እንዲሁም ዮሃን ደ ክሌር ከብራያን ዊሊያምስ ጋር፣ በ1987 የዚህን ሐሳብ መሠረት ያኖሩ ጽሑፎች አወጡ። ጽሑፎቹ ውስጥ ያለው ምሳሌ ወረቀትና እርሳስ ላለው ሰው ሁሉ ክፍት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ሦስት ማባዣና ሁለት መደመሪያ ያሉበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት አለ እንበል። አንደኛው ማባዣ 3ን በ2 ያባዛል፤ ሁለተኛው 2ን በ3፤ ሦስተኛውም 2ን በ3። ጤነኛ ከሆኑ ሁሉም 6 ይሰጣሉ። አንደኛው መደመሪያ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ማባዣ ውጤት ይደምራል፤ ሁለተኛው መደመሪያ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን። ስለዚህ ሁለቱም መውጫዎች ላይ 12 መነበብ አለበት። ስንለካ ግን አንደኛው መውጫ 10፣ ሁለተኛው 12 ሆኖ ተገኘ። ጥፋተኛው ማነው?

አንደኛው መደመሪያ ብቻውን ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ማባዣ 6 በማለት ፋንታ 4 ብሎም ይሆናል። ሁለተኛው ማባዣስ? እሱ 4 ካለ አንደኛው መውጫ 10 ይሆናል፤ ነገር ግን ያው 4 ወደ ሁለተኛው መደመሪያም ስለሚገባ፣ እዚያም 10 መነበብ ነበረበት። የተነበበው 12 ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ማባዣ ለመክሰስ ሌላ ተባባሪ ያስፈልጋል፤ ወይ ሦስተኛው ማባዣ 8 ብሏል፣ ወይ ሁለተኛው መደመሪያ አብሮ ተሳስቷል። ሁለት ዕቃ አንድ ላይ ተበላሽቶ ስሕተቱ እንዲህ መገጣጠሙ እምብዛም ስለማይሆን፣ ጥርጣሬው በፊተኞቹ ሁለት ላይ ይከብዳል። ፕሮግራሙ በዚህ አያቆምም። ቀጥሎ የትኛውን ሽቦ ብለካ ነው ተጠርጣሪው የሚጠበበው ብሎም ያሰላል። የአንደኛውን ማባዣ መውጫ ለክቶ 4 ካገኘ ጥፋቱ እዚያው ነው፤ 6 ካገኘ ማባዣው ነፃ ወጥቶ መደመሪያው ዋና ተጠርጣሪ ይሆናል።

እዚህ ውስጥ ከዚህ በፊት የተበላሸ ሰርኪት ታሪክ የለም። ማንም አይቶት የማያውቀው ብልሽት እንኳ ሊያዝ ይችላል፤ ለምን እንደተያዘም ደረጃ በደረጃ መናገር ይቻላል። ዊሊያምስ ከፓንዱራንግ ናያክ ጋር የሠራው ሊቪንግስተን የተባለ ፕሮግራም በዚህ ዘዴ በግንቦት 1999 ዲፕ ስፔስ 1 በተባለችው የናሳ መንኩራኩር ውስጥ ተሞከረ። መንኩራኩሯ ከምድር ከ95 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነበር፤ ከምድር መልእክት ልኮ መልስ እስኪመጣ ደቂቃዎች ያልፋሉ። መሐንዲሶቹ ሆን ብለው ብልሽት አስመሰሉባት፦ አልጠፋም የሚል ካሜራ፣ አልከፈትም የሚል ቫልቭ። ፕሮግራሙ አግኝቶ ዘዴ ፈለገላቸው። በሙከራው መሐል ግን በራሱ በሥርዓቱ ሶፍትዌር ውስጥ ማንም ያላሰበው እውነተኛ ስሕተት ብቅ አለና ሥራውን አስቆመው። እሱን ያገኙት ምድር ላይ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ እንምጣ። መጋቢት 10 ቀን 2019 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። 6 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ በተባለው ስፍራ ወደቀ፤ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውንና ረዳቱን አሕመድኑር መሐመድን ጨምሮ 157 ሰዎች አለቁ። ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2018 መጨረሻ፣ በኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

አውሮፕላኑ ክንፉ ነፋሱን በምን ያህል አንግል እንደሚገጥም የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉት፤ አንዱ በአፍንጫው ግራ፣ ሌላው በቀኝ። ከበረራ መዝጋቢው እንደታየው፣ አውሮፕላኑ ከመሬት እንደለቀቀ ሁለቱ ተለያዩ። የግራው በሰከንድ ሦስት አራተኛ ውስጥ ተወርውሮ 74.5 ዲግሪ አለ፤ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር፤ በዚያ በረራ ደግሞ የሚያዳምጠው የግራውን ነበር። አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ብሏል ብሎ አምኖ አውሮፕላኑን ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀው።

የብልሽት ምርመራን ጥናት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ደሙ ይፈላል። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ብልሽት አለ ወይ የሚለው፣ ሁለቱን ቁጥሮች በማነጻጸር ብቻ ይመለስ ነበር። ሁለቱ ሴንሰሮች እንዳልተስማሙ ለአብራሪው የሚናገር ምልክት በወረቀት ላይ ነበረ፤ ነገር ግን በሶፍትዌሩ አሠራር ምክንያት የሚሠራው ተጨማሪ መሣሪያ በተገዛላቸው አውሮፕላኖች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ላይ አይበራም ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ሁለት ምስክሮች ሲጣረሱ አንዱ መዋሸቱ ይታወቃል እንጂ የትኛው እንደዋሸ አይታወቅም። ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ግን የግድ ሌላ ሴንሰር መሆን የለበትም። የአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ የአፍንጫው አቅጣጫ፣ የሚወጣበት መጠን አንድ ላይ ሲሰሉ አንግሉ ስንት ገደማ መሆን እንዳለበት ይናገራሉ። ገና ሲነሣ ያለ የመንገደኛ አውሮፕላን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ 75 ዲግሪ ሊቀና አይችልም፤ የፊዚክስ ሕግ ራሱ ይመሰክራል። ይህ አስተሳሰብ ያኔ አዲስ አልነበረም። ሪቻርድ ቢርድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1971 የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በዚሁ መስመር ነበር። አውሮፕላኑ ሲበር ሐሳቡ 48 ዓመት ሆኖት ነበር።

ከአደጋው በኋላ ኤምካስ ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያነጻጽርና ልዩነታቸው 5.5 ዲግሪ ሲደርስ እንዳይሠራ ተደረገ። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ተቋም ደግሞ በስሌት የሚገኝ ሦስተኛ ምንጭ እንዲጨመር ጠየቀ።

እዚህ ላይ ሦስት ምስክር ካለ ነገሩ አለቀ የሚል ካለ፣ የፈረንሳይዋን ፐርፒኞን ያስታውስ። በኅዳር 2008 አንድ ኤርባስ ኤ320 ለሙከራ በረራ ወጥቶ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 7 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ሦስት የአንግል ሴንሰሮች ነበሩት። ከበረራው በፊት በታጠበ ጊዜ ውሃ የገባባቸው ሁለቱ ከፍታ ላይ ሲደርሱ በበረዶ ተያዙ፤ የተያዙትም ተመሳሳይ ቁጥር ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ እንደ ሕጉ በድምፅ ብልጫ ፈረደ፤ ሁለቱ ስለተስማሙ ጤነኛውን ሦስተኛ ጣለው። ድምፅ መቁጠር ሁሉም በአንድ ምክንያት ሊሳሳቱ እንደሚችሉ አያስብም። ከሌሎቹ መለኪያዎች ጋር የሚያመዛዝን ሥርዓት ቢኖር፣ አውሮፕላኑ ሲንቀሳቀስ ፈጽሞ የማይነቃነቅ ሴንሰር ራሱ አጠራጣሪ መሆኑን ሊያይ ይችል ነበር።

የበረራ 302 ጉዳይ የምርመራን ሦስተኛ ጥያቄም አልዘጋውም። የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ በታኅሣሥ 2022 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ የግራው ሴንሰር የተሳሳተው ከአመራረት ጥራት ጋር በተያያዘ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አለ። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አልተቀበለውም፤ ሴንሰሩን የመታው ባዕድ ነገር፣ ምናልባትም ወፍ ነው ሲል ተከራከረ። ሁለት ተቋማት አንድ ዓይነት የመዝጋቢ ቁጥር ይዘው በምክንያቱ ተለያዩ። ብልሽት መኖሩ ያላከራከረበት፣ ቦታው የታወቀበት፣ ምክንያቱ ግን ያከራከረ ምርመራ ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ ይህን ሁሉ እንዲመልስ ከማሽን የምንጠይቀው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሦስተኛው ሰፈር፣ ዛሬ ስሙ የገነነው፣ ለማሽኑ ሕግም ሞዴልም አይሰጥም። ምሳሌ ይሰጠዋል፤ ከምሳሌው እንዲማር ይተወዋል። የተወደደው የመፈተኛ ሜዳ ኩሽኔታ ነው። የሚሽከረከር ነገር ሁሉ፣ ከልብስ ማጠቢያ እስከ ሎኮሞቲቭ፣ ኩሽኔታ አለው። ውጫዊ ቀለበቱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ካለ፣ በእሱ ላይ የሚያልፈው ኳስ ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ይመታል። ዘጠኝ ኳስ ያለው አንድ የታወቀ የኩሽኔታ ዓይነት በሰከንድ 30 ጊዜ ቢሽከረከር፣ የውጪ ቀለበት ስንጥቅ በሰከንድ 107 ጊዜ ያህል ይመታል፤ የውስጥ ቀለበት ስንጥቅ 162 ጊዜ ያህል። ቁጥሩ ከኩሽኔታው ስፋትና ከኳሶቹ መጠን በሒሳብ ይወጣል። የሠለጠነ መሐንዲስ የንዝረቱን ድግግሞሽ አይቶ ስንጥቁ የቱ ቀለበት ላይ እንዳለ ሳይፈታው ይናገራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያመጣው፣ ጫጫታ ውስጥ የተቀበረውን ይህን ምት ማንም ሳያሳየው ከብዙ ናሙና ፈልጎ ማግኘቱ ነው።

ናሙናውስ ከየት ይመጣል? በኦሃዮ የሚገኘው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ በኩሽኔታ ላይ ሆን ብሎ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጉድፍ ጀምሮ እያሳደገ እየቆረጠ፣ ንዝረቱን ቀድቶ ለሁሉም አካፈለ። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ጥናት በዚህ ቅጂ ላይ ተሠርቷል፤ ብዙዎቹም ወደ 100 በመቶ የተጠጋ ትክክለኛነት አገኘን ይላሉ። እዚህ ላይ አንባቢ ይጠንቀቅ። አንዱን ረጅም ቅጂ ቆራርጦ ግማሹን ለመማሪያ፣ ግማሹን ለመፈተኛ ካደረጉት፣ ፈተናው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ መማሪያው ውስጥ የነበረው ያው ኩሽኔታ ነው። ማሽኑ ብልሽቱን ይወቅ ወይ ያንን አንድ ኩሽኔታ ይወቅ መለየት አይቻልም። ይህን ስሕተት የዘርፉ ሰዎች ራሳቸው አጋልጠዋል፤ በሌላ ሞተር፣ በሌላ ፍጥነትና ጭነት ሲፈተኑ ውጤታቸው የሚያሽቆለቁል ብዙ ናቸው። እውነተኛ ባቡር ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፦ ባቡሮች አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ናቸው፤ አደገኛው ብልሽት በአሥር ዓመት አንዴ ይመጣና ለማስተማሪያ የሚሆን ናሙና አይተውም።

ስለዚህ እኔ የምተማመነው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሰፈር ባጋቡት ሥራዎች ላይ ነው። ጫጫታውን መማር የሚችል ያጣራው፤ ፍርዱን ግን የማሽኑን አሠራር የሚያውቅ ሞዴል ይስጠው፤ የማያውቀው ነገር ሲመጣም «ይህን አላውቀውም» ማለት ይቻለው። በዚህ ጊዜ ቋንቋ የሚያቀናብሩ ትላልቅ ሞዴሎችን የጥገና ማስታወሻ አስነብቦ ምክንያት ማስጠቆም የሚሞክሩ አሉ። የተበታተነ ማስታወሻን በመሰብሰብ ይጠቅማሉ። ሊሆን የሚመስል ምክንያት አሳምሮ መጻፍና ትክክለኛውን ምክንያት ማግኘት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቀጥሎ ምን ተለክቶ እንደሚረጋገጥ ያልተናገረ መልስ ጋራዥ ውስጥ ሊታመን አይገባም።

የትኛውም ብልህ ፕሮግራም የማያልፈው ሌላ ወሰን ደግሞ አለ። ሐምሌ 12 ቀን 2013 ሂትሮው ላይ፣ ንግሥተ ሳባ የምትባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ኤሌክትሪኳ ጠፍቶ፣ ውስጧ ሰው ሳይኖር ቆማ ነበር። ለሰዓታት ከቆየች በኋላ የመቆጣጠሪያ ማማ ሠራተኛ ከጀርባዋ ጢስ ሲወጣ አየ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ የ787 አውሮፕላኖች በሙሉ በዋና ባትሪያቸው ችግር ከበረራ ታግደው ነበርና ዓለም ሁሉ ወዲያው ያንን ጠረጠረ። የብሪታኒያ መርማሪዎች ግን የተቃጠለው ስፍራ ከዋና ባትሪዎቹ ሩቅ መሆኑን አዩ። ደርሰው ያገኙት፣ አደጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ያለበትን የሚጠቁም ትንሽ ማሰራጫ ነበር። ባትሪውን ሲገጥሙ ሽቦዎቹ ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀዋል፤ በጊዜ ብዛት ተነካክተው ባትሪው ጋለ፤ አንዱ ሕዋስ ሌላውን አቀጣጠለ። በዓለም እጅግ ብዙ ሴንሰር ከተሸከሙት አውሮፕላኖች አንዷ፣ ያንን ባትሪ የሚያይ ሴንሰር አልነበራትም፤ ቢኖራትም ኤሌክትሪክ ጠፍቶ የሚያነበው አልነበረም። አውሮፕላኗ ተጠግና በዓመቱ መጨረሻ ወደ በረራ ተመለሰች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ያልተለካ ነገር አይመረመርም።

የተለካም ሆኖ ሰሚ የሚያጣ አለ። በስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴቶች አቅራቢያ በኅዳር 1986 ቺኑክ ሄሊኮፕተር በማስተላለፊያ ማርሹ ስብራት ወድቆ 45 ሰዎች ሲሞቱ፣ ብሪታኒያ የማርሽን ንዝረት በበረራ ላይ የሚመዘግብ ሥርዓት እንዲሠራ ገፋች፤ ከ1991 ጀምሮ በሰሜን ባሕር ሄሊኮፕተሮች ላይ ገባ። ብዙ ብልሽት ቀድሞ ተያዘበት። ሆኖም ሚያዝያ 1 ቀን 2009 አንድ ሱፐር ፑማ ሄሊኮፕተር በዚያው ባሕር ላይ ማርሹ ተሰብሮ 16 ሰዎች አለቁ። ከሳምንት በፊት ዘይቱ ውስጥ ካለው ማግኔት ላይ የብረት ቅንጣት ተገኝቶ ነበር። ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ በተሳሳተ መንገድ ተወሰደ፤ በኦፕሬተሩና በአምራቹ መካከል የተደረገው ምክክርም ባለመግባባት ስለተጠናቀቀ፣ ማርሹን ከፍቶ ማየት የሚያስገድደው ሥራ ሳይሠራ ቀረ።

ከለንደን በስተ ሰሜን ባለችው ሃትፊልድ በጥቅምት 2000 የሆነው ከዚህም የባሰ ነው። የተሰነጠቀው ሐዲድ ቀድሞ ታውቆ ነበር፤ የሚተካበት ሐዲድም ታዝዟል፤ ሥራው ግን አልተሠራም። በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር ሲያልፍበት ሐዲዱ ከ300 በላይ ስባሪ ሆነ፤ 4 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው በ2003 ሐዲዱን በፍጥነት እየሮጠ የሚለካው ቢጫ የመለኪያ ባቡር ሥራ የጀመረው። ባቡሩ የሐዲዱን ጉድለት ያገኛል። ጉድለቱን የሚያስተካክል ሠራተኛ፣ መንገዱን ለሌሊት የሚዘጋ ውሳኔና በጀት ከእሱ አይመጣም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ይህ ክፍተት ጎልቶ ይታያል። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መለዋወጫ በማጣት ብዙ ባቡሮቹን ያቆመበት ጊዜ ነበር። እዚያ ምን እንደተበላሸ መካኒኩ ያውቃል፤ የጎደለው ዕቃው ነው። በሌላ በኩል በመስከረም 2025 የተመረቀው የዓባይ ግድብ 13 ትላልቅ ተርባይኖች የንዝረት ክትትልን የቅንጦት ነገር አያደርጉትም። በሩሲያዋ ሳያኖ ሹሼንስካያ በነሐሴ 2009 የአንድ ተርባይን ክዳን ብሎኖች በድካም ተበጥሰው 75 ሰዎች ሞተዋል፤ ተርባይኑ ንዝረቱ ከተፈቀደው ልክ እንዳለፈ ይሠራ ነበር።

ትራንስፎርመርም ብዙ ርካሽ ምርመራ የሚቻልበት ነው። ውስጡ ያለው ዘይት ሲግል ወይም ብልጭታ ሲነካው ተሰባብሮ ጋዝ ይፈጥራል፤ ከዘይቱ ጥቂት ቀድቶ የጋዞቹን መጠን መለካት ምን እየሆነ እንዳለ ይናገራል። አሴቲሊን ከበዛ ውስጡ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አለ፤ ኤቲሊን ከበዛ ዘይቱ ክፉኛ ግሏል። ካናዳዊው ሚሼል ዱቫል በ1970ዎቹ ሦስት ጋዞችን ብቻ ይዞ በአንድ ሦስት ማዕዘን ላይ ብልሽቱን የሚያነብበት ዘዴ አወጣ፤ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። ወረቀትና ላብራቶሪ እንጂ ትልቅ ኮምፒዩተር አይጠይቅም።

የሚማሩት ማሽኖች እኛ ዘንድ ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምሳሌ ስጡኝ ነው የሚሆነው። ያኔ የሚያስፈልገው፣ በየጋራዡ፣ በየኃይል ማመንጫውና በየባቡር ዲፖው እያንዳንዱ ጥገና ሲያልቅ የሚሞላ አንድ ገጽ ነው፦ መጀመሪያ የታየው ምልክት ምን ነበር፣ ምን ተጠረጠረ፣ ተፈትቶ ሲታይ የተገኘው ምን ሆነ፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቀን ተለወጠ። ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ሲለያዩ፣ ማለትም ባለሙያው ጠርጥሮ ሲስት፣ ያም ሳይሰረዝ ይጻፍ፤ ለሚማር ማሽንም ሆነ ለአዲስ መካኒክ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው እሱ ነው። ገጹ በአማርኛ ይሞላ፤ ባለሙያው ኩሽኔታ የሚለውን ኩሽኔታ ብሎ ይጻፈው። ዴቪድ ስሚዝ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት አጠገቡ ሰው ቁጭ እንዳለለት፣ የእኛም አንጋፋ መካኒኮች አጠገብ ደብተር የያዘ ወጣት በዚህ ዓመት መቀመጥ ይችላል፤ ሥራው ምንም ዓይነት ሶፍትዌር እስኪገዛ አይጠብቅም።